የአባታችን ቤት ተከራይ

ሰኔ 3

ለወንድሜ ለቀጮ፣

ወፍሯል እያሉ ቢያሙህም ስምህን አልቀይርም። ጉልበትህ ተሻለህ? ተማሪዎችህስ ለቀቁህ ወይስ ገና የፈተና ወረቀት ውስጥ ተቀብረሃል? እኔና ልጄ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ ዘይት ስሰጣት ትሠራለች፣ ስረሳት ታኮርፋለች።

ስልኩን ለምን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው ላልከኝ፣ ባትሪ አልቆብኝ አይደለም። ዋሽቼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። እንዳላለቅስብህ ብዬ ነው። በስልክ ደግሞ አንተ ሰው አታስጨርስም፤ እኔ አንድ ስል አንተ ሦስት ትላለህ። ደብዳቤ ግን ማንም አያቋርጠውም። ይህን ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፣ አንተም መልሱን በእሱ ላክልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አከራዬ መጡ፤ አንተ ባለ ባርኔጣው የምትላቸው። ተቀመጡ፣ ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዟዙሩት ጀመር። ልጃቸው ከአንድ ነጋዴ ጋር ተነጋግሮ የፊት ለፊቱን ክፍል፣ የምሰፋበትንም የምንተኛበትንም፣ መድኃኒት ቤት ሊያደርጉት ነው። ኪራዩ እኔ ከምከፍለው ሦስት እጥፍ ነው አሉ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ብለቅላቸው ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝ። ይህን ሁሉ ሲያወሩ ወለሉን እንጂ እኔን አላዩም።

እኔስ ምን ያልኩ ይመስልሃል? እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ባበቃ ደግ ነበር። «አይጨነቁ ጋሼ፣ የአባቴ ቤት አለ፣ ሜዳ ላይ አልወድቅም» ብዬ አጽናናኋቸው። ፀጉር አስተካካዩ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ስድስት ዓመት ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት መሆኑን እያወቅሁ። ከዚያ እስከ በር ሸኝቻቸው ተመለስኩና የሰው ኮት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኮቱን እንደገና ተኮስኩት።

ምን ላድርግ? ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ወር ኪራይ ያልጠየቁኝ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት አይሆንም ለማለት አፌ አልከፈት አለኝ። ግን አሥራ አንድ ዓመት ደንበኞቼ የሚያውቁኝ በዚህ በር ነው። የሁለት ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ በነሐሴ ልሰፋ ተቀብያለሁ፤ ዓመቱን የሚያሻግረን እሱ ነው። አሁን ከወጣሁ ሥራውም አብሮኝ ይወጣል። እንግዲህ አስብልኝ።

እህትህ

ሰኔ 11

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ለልጅሽም ለመኪናሽም። ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ይሰማኛል፣ ሲወርድ ግን አያመኝም። ስለዚህ ሁልጊዜ ለመውረድ እየሞከርኩ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ ወንድም፣ አንዴ እንደ ፈተና አራሚ። በሁለቱም ወድቀሻል። ሰው ከቤትሽ ውጪ ሲልሽ ታጽናኚዋለሽ? ውሃውንስ ይሁን፣ ማጽናናቱን ምን አመጣው? ግን አልቆጣሽም፤ እኔም ብሆን ሽማግሌ ፊት እንደዚያው ነበር የምሆነው።

ሕግ የለም ወይ ብትዪኝ፣ አለ። ከመዘጋጃ ቤቱ አዲሱን የቤት ኪራይ ሕግ ተውሼ ሦስት ማታ አነበብኩት። ለአንቺ የሚሆነውን ቦታ በማረሚያ ቀይ እስክሪብቶዬ ገልብጬ አብሬ አያይዣለሁ። በደንብ አንብቢው፤ ባጭሩ ግን ይህን ይላል። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። ውል ሳይጽፍ ያከራየ ሰው ውል የለንም ብሎ ተከራዩን ማስወጣት አይችልም፤ ጥፋቱ የራሱ ነው። ተከራይ የሚወጣው ሕጉ በሚፈቅደው ምክንያት፣ ያውም ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ሲነገረው ነው፤ የበለጠ የሚከፍል መጣ ማለት ደግሞ ምክንያት አይደለም። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንዴ፣ በሚታወጀው ልክ ብቻ ነው። ጣሪያና ቧንቧ ማሳደስ የአከራዩ ግዴታ ነው። በቃል እሺ ማለት ደግሞ የቤት መልቀቂያ ስምምነት ተብሎ አይቆጠርም። ይህቺን ሁለቴ አስምሬባታለሁ፣ ለአንቺ ተብላ የወጣች ትመስላለች።

እንግዲህ ወደ ኪራይ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂጂና ተመዝገቢ። ምንም ወረቀት ቢሰጡሽ አትፈርሚ። ዓይናቸውን ሳታዪ ተናገሪ፣ እሳቸውም ወለል እያዩ አይደል የተናገሩት።

ፀጉር አስተካካዩ እንዴት ነው ብትዪኝ ደህና ነው። የአባባን ቤት ነገር አንቺ አታስቢበት፣ ለእኔ ተይው።

ወንድምሽ

ሰኔ 26

ለቀጮ፣

ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን፣ ውሃ ግን የለንም። ከዚህ እጀምራለሁ፤ ካለዚያ እንደ ልማዴ መጨረሻ ላይ ሸጉጬ አልፈው ነበር።

ሄድሽ ወይ ብትለኝ፣ ሄጃለሁ። ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ተሰለፍኩ። ወረፋው ደረጃውን ይወርዳል፤ ከፊቴ የቆመው ሰው ጉዳዩን አራት ጊዜ ስለነገረኝ እሱን ወክዬ ልከራከርለት እችላለሁ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሌላ መነጽር የምትፈልግ ሴትዮ ናት፣ ሥራዋን ግን አብጠርጥራ ታውቃለች። የኪራይ ደረሰኝ አለሽ ወይ አለችኝ። የለኝም። አሥራ አንድ ዓመት በእጃቸው ሰጥቻለሁ፣ አንድም ቀን ደረሰኝ አልጠየቅሁም። እንደ ሌባ ያየኋቸው እንዳይመስላቸው ብዬ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና በቀን ሃያ ሰው እንዲህ ይለኛል አለች። የመብራት ሂሳብ ወረቀቴና የጎረቤት ምስክር ይበቃል አለችኝ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ተከትሎኝ መጥቶ መሰከረልኝ፤ ሲፈርም እጁ ላይ የነበረው ቀለም ወረቀቱን አጠቆረው። ተመዝግቤያለሁ።

የተመዘገብኩ ሰሞን ባለ ባርኔጣው ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅየው የተተየበ ወረቀት አቀረበልኝ፤ «በገዛ ፈቃዴ እለቃለሁ» ይላል። ከሥር ስሜ ተጽፎ ጠብቆኛል። አንብቤ ልስጣችሁ አልኩ። እትዬ ደግሞ ማንበብ ይችላሉ እንዴ አለ፣ ሳቀም።  ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለትና «አልፈርምም። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፣ ወረቀቱን ግን አልፈርምም» አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ ግን ወጣ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። በማግስቱ ውሃው ተቋረጠ። አሁን ከጫማ ሰፊው ቤት በጄሪካን እንቀዳለን።

ጣሪያውን ማን ነው ሲያሳድስ የኖረው ብትለኝ ደግሞ እኔ ነኝ። አምስት ክረምት ሙሉ ሰው አስቸግር ይሆናል እያልኩ ቆርቆሮውን በራሴ ገንዘብ ሳስመታ ኖሬያለሁ። ለሠራተኛዋ ስነግራት ሁለቱንም መነጽሯን አወለቀች። ተናድጃለሁ፣ ቀጮ። በእሳቸው ብቻ አይደለም፣ በራሴም። ነሐሴ 13 እኔና ባለ ባርኔጣው እንድንቀርብ መጥሪያ ወጥቷል፤ እስከዚያ ማንም አያስወጣኝም። ከዚህ ቤት እንግዲህ ተገፍቼ አልወጣም።

እህትህ

ሐምሌ 6

ለእትዬ፣

ሦስት ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ «አልፈርምም» ያልሽውን ለራሴ እያልኩ ሳስመስል ከረምኩ። እንዲህ ኮርቼብሽ አላውቅም። የጎረቤቴ ልጆች መምህሩ ብቻውን ማውራት ጀመረ ብለዋል።

የውሃውን ነገር ቀኑን ጽፈሽ ያዥ፣ ጫማ ሰፊውም ይፈርምበት። ውሃና መብራት ቆርጦ ማስገደድን ሕጉ በስሙ ጠርቶ ከልክሎታል፤ ገጹን ልኬልሻለሁ።

መጥቼ አብሬሽ ልቅረብ ወይ ብዬ በስልክ ጠይቄሽ ነበር፣ አያስፈልግም ብለሻል። ይሁን። እኔ ከመጣሁ አፍሽን እነጥቃለሁ፣ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ የስፌት መኪናሽ ጠረጴዛ ርዝመቱ ስንት ነው? ከመስኮት ሥር እንዲሆን ነው የምትፈልጊው ወይስ ከበር አጠገብ? እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ፣ ለምን አትበይኝ።

በርትተሽ ተከራከሪ። ብቻ ያላሰብነው ቢመጣ ሜዳ ላይ አትወድቂም፤ ወንድም አለሽ። ደብዳቤዬ ያጠረው ወረቀት ስለማርም ነው።

ወንድምሽ

ሐምሌ 20

ለመምህሩ፣

ዛሬ ቀጮ አልልህም። ጤናህንም በኋላ እጠይቃለሁ።

የጠረጴዛዬን ርዝመት ለምን እንደፈለግህ ገብቶኛል። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ደብዳቤ ላከችልኝ፤ በዚያው በሾፌሩ። አድራሻዬን ከአንተ ፖስታ ላይ እንዳየችው ጽፋለች። ሁለት ገጽ ነው፣ አንድ ክፉ ቃል የለበትም፤ ይህ ነው የበለጠ ያሳመመኝ። ቤቱን እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንዲለቁ የነገርከው እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ፣ ግማሽ ጉንጭህ ሳሙና ሆኖ፣ እሱ ምላጭ ይዞ ነው አለች። ሰውየው እሺ አለህ። ሌላውን ጉንጭህን አሳምሮ ጨረሰልህ፣ ሂሳብም አልቀበልም አለህ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሜትር ይዘህ፣ በር ሳታንኳኳ፣ ልጆቹ ምሳ በሚበሉበት ገብተህ ግድግዳ ለካህ። ሴትዮዋ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እርስዎ ስለፈለጉት ከሆነ እንወጣለን፣ ግን እስከ ትምህርት ቤት መክፈቻ ሌላ ቤት አላገኘንም።»

እኔ ስለፈለግሁት! እኔ አንድ ቀን ፈልጌዋለሁ ብዬሃለሁ?

ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። አለማወቄ አይደለም፤ እያወቅሁም ደሜ ፈላ። በቀይ እስክሪብቶ የገለበጥክልኝን ወረቀት አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ተከራይ ይላል እንጂ የመምህሩ እህት አይልም። ሁለት ወር በጽሑፍ ይላል፤ ግማሽ ጉንጭ ላይ አይልም። ባለ ባርኔጣው እንኳ በር አንኳኩተው፣ ውሃ ጠጥተው ነው የነገሩኝ።

እዚህ እኔ ነሐሴ 13 ልቆም ነው፣ ሰው እንዲህ አይወጣም ልል። እዚያ በእኔ ስም ሰው እየወጣ ምን አፍ ይዤ ነው የምቆመው? የአባባ ቤት የሁለታችንም ነው፣ እኔም ባለቤት ነኝ። እንግዲህ ባለቤቷ ስትነግርህ ስማ። ሂድና ይቅርታ ጠይቅ፤ ውል ጻፍለት፣ ሁለት ዓመት፣ ኪራዩም በነበረበት። አንተ ፈርም፣ እሱ ይፈርም፣ ከዚያ ለእኔ ላክ።

አሁን፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?

እህትህ

ነሐሴ 1

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነበር የከፈትኩት፤ ጨርሼ ስነሳ የስፖርት መምህሩ ሰው ሞተብህ ወይ አለኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ፊቴ ነው የተቃጠለው።

ለምን ደበቅህኝ ብትዪኝ፣ እንደማትፈቅጂ ስለማውቅ ነው። ሌላውንም ልንገርሽ። ባልሽ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ተቀምጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሦስት ወር ኪራይ ያልጠየቁሽ ባለ ባርኔጣው ናቸው፤ እኔ ያደረግሁልሽ ነገር የለም። ዘንድሮ እሳቸው ሲገፉሽ ተራዬ ደረሰ አልኩ። ቀለም ገዝቼ ነበር እኮ፣ እትዬ፣ ነጭ ቀለም፣ መኪናሽን የምታስቀምጪበት ግድግዳ ብርሃን እንዲኖረው። ሕጉን ለአንቺ ስገለብጥ ያ ሰው ትዝ አላለኝም። እውነቱ ይኸው ነው፣ አፍሬበታለሁ።

እሑድ ሄድኩ። ግማሹ ዕቃቸው ካርቶን ውስጥ ገብቷል። በድያችኋለሁ አልኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ ወንበር አቀረበልኝና ተቀመጥኩ። «መምህር፣ እኔ እሺ ያልኩት የአባትዎ ቤት ስለሆነ ነው። ማታ ግን ለልጆቼ ምን እንደምል አጣሁ» አለኝ። የማልረሳው ነገር ነው።

ውሉን ጻፍን። ሁለት ዓመት፣ በነበረው ኪራይ። ሦስት ቅጂ ነው፤ እኔም እሱም ፈርመናል፣ የአንቺ መስመር ብቻ ባዶ ነው። ያለ አንቺ ፊርማ እንደማይጸና እሱም ያውቃል፣ ካርቶኖቹንም ገና አልፈታም።

አሁን እንደ ታናሽ ልለምንሽ። ከነሐሴ 13 በፊት አትፈርሚ። ይህ ሲደርስሽ የሚቀረው አምስት ስድስት ቀን ነው፣ እነሱም ይታገሣሉ። ካሸነፍሽ በዚያው ቀን ፈርሚና ላኪው። ከተሸነፍሽ ግን ይህን ወረቀት ፈርመሽ ቢሆን ልጅሽን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? የእኔ ቤት አንድ ክፍል ነው፣ መኪናሽን እንኳ አያስገባም። ትክክለኛው ነገር ምን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ አስተምረሽኛል። ቀኑን ብቻ ነው የምለምንሽ።

ወንድምሽ

ነሐሴ 15

ለቀጮ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ስምህም ተመልሶልሃል።

ልመናህን አልሰማሁልህም፣ ይቅር በለኝ። ውሉ የደረሰኝ ነሐሴ 7 ነው፤ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ እዚያው የስፌት መኪናዬ ላይ ተደግፌ ፈረምኩ። ሁለቱን ቅጂ መለስኩለት፣ አንዱን አስቀረሁ።  ልጄ እያየችኝ ነበርና ምን እንደሆነ ነገርኳት። ብንሸነፍ የት ነው የምንሄደው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። የልብስ ቁልፎቹን ሳጥን አቀረበችልኝና የደንብ ልብሱን ሥራ ቀጠልን።

እንዴት እንደሆነ አሁን ልንገርህ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ሹማምንት፣ መሐል ላይ ሰብሳቢው፣ ከጎኑ ያቺ ባለ ሁለት መነጽሯ። ባለ ባርኔጣው ከልጃቸው ጋር ቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ እኔ ግራ፣ ጫማ ሰፊው ከኋላዬ። ልጅየው ብዙ ተናገረ። በቃሏ ተስማምታለች አለ። ሰብሳቢው እሺ ብለሻቸዋል ወይ ሲለኝ፣ አዎ ብያለሁ አልኩ። ጫማ ሰፊው ከኋላዬ አቃሰተ። «እሺ ያልኩት ስለማከብራቸው ነው። ዛሬም አከብራቸዋለሁ። ልወጣ ግን ፈልጌ አላውቅም፣ የፈረምኩትም የለም» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ውሃው የተቋረጠበትን ቀን አነበብኩ፣ የጣሪያውን አምስት ክረምት ቆጠርኩ። ልጅየው ይህን ሲያይ ሌላ ነገር አመጣ። የአባቷ ቤት እየተለቀቀላት ነው፣ ሊያድሱላት ግድግዳ ሁሉ ለክተዋል፣ መጠጊያ ያላት ሴት በሽማግሌ መጦሪያ ላይ ትጫወታለች አለ። ከየት እንደሰማ አላውቅም፤ ያው አውቶቡስ ወሬም ሳይጭን አይቀርም። ሰብሳቢው ይህ ለውሳኔው የሚጠቅም አይደለም ቢልም፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለ ባርኔጣውም አዩኝ፤ ከሰኔ ወዲህ ዓይኔን ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ከቦርሳዬ ውሉን አወጣሁና ለሽማግሌው ሰጠኋቸው፤ ለሹማምንቱ አይደለም፣ ለእሳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ከፊርማዬ አጠገብ ያለው ቀን ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ከስድስት ቀን በፊት?» አሉኝ። አዎ ጋሼ አልኳቸው። «ታዲያ ዛሬ ብትሸነፊ የት ልትገቢ ነበር?»

«የትም። ሰው ይኖርበታል፣ ጋሼ። ውጣ ልለው አልችልም።»

 ልጅየው ሊናገር ሲል ክንዱን ያዙት። ከዚያ ራሳቸው ወደ ጠረጴዛው ዞረው፣ ውሃውን ያዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ አይደለም፣ ነገ ይከፈታል አሉ። ውሳኔው ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ከተመዘገብኩበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት እቀመጣለሁ፤ ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ ኪራዩ ከሚታወጀው በላይ አይጨመርም፤ ጣሪያው በእሳቸው ይሠራል። ደረጃው ላይ ጫማ ሰፊው አቀፈኝና የክት ቀሚሴን በቀለም አጨማለቃት። አለቀስኩ፣ በዚህ ጊዜ ሰው እያየኝ።

ሽማግሌው እንዴት ሆኑ ብለህ ትጠይቀኛለህ። ትናንት ጣሪያ ሠሪ ይዘው መጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። የወሩን ኪራይ ሰጠኋቸውና ደረሰኝ ጠየቅሁ። ትንሽ ቆይተው በእጃቸው ጻፉልኝ። እንደ ድሮው አልሆንንም፣ እሳቸውም እኔም። እንዲያም ሆኖ ጣሪያ ሠሪው ከላይ ሲረግጥ እሳቸው ከታች ሆነው እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ሥራችን። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ዳግም ጽፋልኛለች፤ በጓዳው በኩል ግድግዳው ውሃ ያስገባል ትላለች፣ ስድስት ዓመት አስቸግር ይሆናል ብላ ሳትናገር ኖራለች። ሕጉን አንተ ነህ ያነበብከው፤ ግዴታው የማን እንደሆነ ታውቃለህ። የድርሻዬን የደንብ ልብሱን እንዳስረከብኩ እልካለሁ፣ አንተ ግን ሠራተኛውን አሁኑኑ ጥራ። ያንን ነጭ ቀለምም ይዘህ ሂድ፣ ለእነሱ ግድግዳ ይሁን። ስትደርስ ደግሞ ዝም ብለህ እንዳትገባ። በሩን አንኳኳ፣ እስኪከፍቱልህም ጠብቅ።

እህትህ